በምርጫ የተረቱት፣ በመዝገብ የረቱት ዩኒስ ካርተር

አዲስ አበባ፦ ምርጫ በመጣ ቁጥር ከመገናኛ እስከ አያት፣ ከቦሌ እስከ ለሚ ኩራ ባሉ መንገዶች የዕጩዎች ፎቶግራፍ በየግድግዳውና በየመብራት ምሰሶው ይለጠፋል። ድምፅ ተቆጥሮ ውጤት ሲነገር ለአንድ ወንበር አንድ ሰው ያልፋል፤ ሌሎቹ ይወድቃሉ። ያለፈው ስሙ ይጠራል። የወደቀው ፎቶግራፉ በዝናብ ታጥቦ ይቀራል፤ ከዚያ ወዲያ ምን እንደሠራ የሚጠይቅም ጥቂት ነው።

ይህ ጽሑፍ በአንድ የግዛት ምክር ቤት ምርጫ የወደቁ ሴት የሕይወት ታሪክ ነው። ዩኒስ ሀንተን ካርተር ይባላሉ። በአሜሪካ፣ በኒውዮርክ ከተማ የጥቁሮች መኖሪያ በሆነው በሐርለም ሠፈር ለምክር ቤት ተወዳድረው በ1934 ተሸነፉ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ግን ባለሥልጣናት ሊነኩት የማይደፍሩትን የወንጀል አለቃ ወኅኒ ያስገባው ምርመራ በእርሳቸው ጠረጴዛ ላይ ተጀመረ። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ዓ.ም. ተብለው ካልተለዩ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነጻነቱን በገንዘቡ የገዛ አያት

ዩኒስ ሀንተን ሐምሌ 16 ቀን 1899 በደቡባዊቷ የአሜሪካ ከተማ በአትላንታ ተወለዱ። የአባታቸው አባት ስታንተን ሀንተን በቨርጂኒያ በባርነት የኖሩ ሰው ነበሩ። ራሳቸውን በገንዘብ ዋጅተው ነጻ ከወጡ በኋላ ወደ ካናዳ ተሻግረው ቤት መሠረቱ። ልጃቸው ዊሊያም ሀንተን ወደ አሜሪካ ተመልሰው በወጣት ክርስቲያን ወንዶች ማኅበር ውስጥ በደመወዝ የተቀጠሩ የመጀመሪያው ጥቁር ጸሐፊ ሆኑ። እናታቸው አዲ ዌይትስ ሀንተን ደግሞ በጥቁር ሴቶች ማኅበራት ውስጥ ስማቸው የታወቀ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ፈረንሳይ ድረስ ዘልቀው ጥቁር ወታደሮችን ያገለገሉ ብርቱ ሴት ነበሩ።

ዩኒስ ሰባት ዓመት ሲሞላቸው፣ በመስከረም 1906፣ በአትላንታ ነጮች በጥቁሮች ላይ ተነሡ። ለቀናት በቆየው ሁከት ብዙ ጥቁሮች ተገደሉ፤ ሱቆቻቸውና ቤቶቻቸው ተሰባበሩ። የሀንተን ቤተሰብ ከዚህ በኋላ አትላንታን ለቆ ወደ ኒውዮርክ፣ ወደ ብሩክሊን ተሰደደ። ሕግ ባለበት አገር ሕግ ሳይጠብቃቸው ሲቀር ሰዎች ምን እንደሚሆኑ ዩኒስ በልጅነታቸው ያዩት በዚህ ነው።

አባታቸው በ1916 በሳንባ ነቀርሳ አረፉ። ልጅቱ ግን ከትምህርት አልቀሩም። በማሳቹሴትስ ግዛት በሚገኘው ስሚዝ በተባለው የሴቶች ኮሌጅ ገብተው የመጀመሪያና የሁለተኛ ዲግሪያቸውን በአራት ዓመት ውስጥ አጠናቅቀው በ1921 ተመረቁ። በዚያ ኮሌጅ ሁለቱን ዲግሪ በአንድ ጊዜ ይዘው ከወጡት ሁለተኛዋ ሴት ነበሩ። የመመረቂያ ጽሑፋቸው የግዛት መንግሥት አስተዳደር እንዴት ሊሻሻል እንደሚችል የሚመረምር ነበር። በዘመኑ የማሳቹሴትስ ገዥ የነበሩትና በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆኑት ካልቪን ኩሊጅ በጥናታቸው እንደረዷቸው ይነገራል።

ከኮሌጅ ወጥተው በማኅበራዊ አገልግሎት ሥራ ተሰማሩ። ኑሯቸውን በሐርለም አደረጉ። በ1924 ላይል ካርተር የተባሉ የጥርስ ሐኪም አገቡ፤ በዓመቱ አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ። አጫጭር ልብ ወለዶችንም ጽፈው በዘመኑ የጥቁሮች መጽሔቶች ላይ አሳተሙ። ይሁንና ችግረኛን መርዳት ብቻውን አላረካቸውም። ችግሩ የሚፈጠረው በሕግና በአሠራር ከሆነ መፍትሔውም ከዚያው መጀመር አለበት ብለው ቀን እየሠሩ ማታ የሚማሩበት የፎርድሃም ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ገቡ። ልጃቸው በታመመ ጊዜ ትምህርታቸውን ለጊዜው አቋርጠው ነበር። ተመልሰው በ1932 ተመረቁ። ከዚያ ትምህርት ቤት በሕግ የተመረቁ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴትም ሆኑ።

የ1934ቱ ምርጫ

እኛ ክልል የምንለውን አሜሪካውያን ስቴት ይሉታል። እያንዳንዱ ስቴት የራሱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት አለው። የኒውዮርክ ግዛት ታችኛው ምክር ቤት 150 መቀመጫዎች ነበሩት። በዚያ ዘመን የአንድ ተመራጭ የሥራ ዘመን አንድ ዓመት ብቻ ስለነበር ምርጫ በየዓመቱ በኅዳር ወር ይካሄድ ነበር። ዩኒስ ካርተር በ1934 የሐርለምን ከፊል ሠፈሮች በሚያካትተው በ19ኛው የምርጫ ክልል ለሪፐብሊካን ፓርቲ ተወዳደሩ። ተፎካካሪያቸው በወንበሩ ላይ የነበሩት ዴሞክራቱ ጄምስ ስቲፈንስ ነበሩ።

ጊዜው ለሪፐብሊካን ዕጩ አልተመቸም። ጥቁር አሜሪካውያን ባርነትን ካስቀረው ከአብርሃም ሊንከን ዘመን ጀምሮ የሊንከንን ፓርቲ፣ ሪፐብሊካንን፣ ሲመርጡ ኖረዋል። በ1929 የጀመረው ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ግን ይህን ልማድ ሰበረው። ሐርለም ሥራ ፈት በዝቶበት ነበር፤ የቤት ኪራይ መክፈል አቅቷቸው ዕቃቸው ከነልጆቻቸው ውጭ የተጣለባቸው ቤተሰቦች ብዙ ነበሩ። በዚህ ጊዜ ሥራና ድጎማ ይዘው የመጡት ዴሞክራቱ ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ነበሩ። ሕዝቡም ፊቱን ወደ እርሳቸው ፓርቲ አዞረ።

ነፋሱ የሐርለም ብቻ አልነበረም። በዚያው የምርጫ ቀን በቺካጎ ከተማ በዘመኑ የአገሪቱ ብቸኛ ጥቁር የኮንግረስ አባል የነበሩት ሪፐብሊካኑ ኦስካር ዴፕሪስት በአንድ ጥቁር ዴሞክራት ተሸነፉ። በእንዲህ ያለ ወቅት ዩኒስ ካርተር የተሸነፉት ከ2,000 ባነሰ የድምፅ ልዩነት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለቆመች ሴት ዕጩ ውጤቱ የሚያሳፍር አልነበረም፤ ቢሆንም ወንበር አያስገኝም።

ምን እንደታጣ ለማወቅ ቀጥሎ የመጣውን ማየት ይበቃል። ዩኒስ ካርተር ቢያሸንፉ ኖሮ በመላ አሜሪካ በሕዝብ ድምፅ ለግዛት ምክር ቤት የተመረጡ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት በሆኑ ነበር። ያን ክብር ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1938፣ በፔንስልቬንያ ግዛት ክሪስታል በርድ ፎሴት ወሰዱት። ኒውዮርክ ራሷ ጥቁር ሴትን ወደ ምክር ቤቷ ለመላክ እስከ 1954 ጠብቃለች፤ በዚያ ዓመት ቤሲ ቡካናን ከሐርለም ተመረጡ። በአገራችን ደግሞ በ1957 በተካሄደው የመጀመሪያው የሕዝብ እንደራሴዎች ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ከአዲስ አበባ ተመርጠው ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት መሆናቸው ይታወሳል። በሁለቱም አገር በሩ የተከፈተው በብዙ ዓመታት ግፊት ነው፤ ከገፉት መካከል ሳይገቡ የቀሩም አሉ።

ከሽንፈት ማግስት

ብዙ ዕጩዎች ሲወድቁ ድምፅ የነፈጋቸውን ሠፈር ይቀየማሉ። ዩኒስ ካርተር ከሐርለም አልወጡም። ምርጫው ካለፈ አምስት ወር ሳይሞላ፣ መጋቢት 19 ቀን 1935፣ በሐርለም ከባድ ሁከት ተነሣ። አንድ ልጅ ከመደብር ትንሽ ቢላዋ ሰርቀሃል ተብሎ ተያዘ። ልጁ ተደብድቦ ሞተ የሚል ወሬ በሠፈሩ ተናፈሰ። ልጁ አልሞተም ነበር፤ ሆኖም ሥራ ያጣና በፖሊስ የተማረረ ሕዝብ ወሬውን ለማመን ጊዜ አልወሰደበትም። በአንድ ሌሊት ብዙ ሱቆች ተሰባበሩ፤ ሦስት ሰዎችም ሞቱ።

ከንቲባው ፊዮሬሎ ላጓርዲያ የሁከቱን ምክንያት የሚያጠና ኮሚሽን አቋቋሙ። የኮሚሽኑ ጸሐፊ ዩኒስ ካርተር ነበሩ። ኮሚሽኑ የሠፈሩን ሰው እየጠራ ስለ ሥራ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ሆስፒታልና ስለ ፖሊስ አሠራር አደመጠ። ከንቲባው ሪፖርቱን ለሕዝብ ሳያወጡ ቢያቆዩትም የሐርለም ጋዜጣ በ1936 አትሞ አወጣው። ምክር ቤት ገብተው ቢሆን ኖሮ ሊሰሙት የሚገባቸውን እሮሮ ዩኒስ ካርተር በዚህ ሥራ ላይ ከባለጉዳዩ አፍ ሰሙት።

የነቀዝ ግብር

በዚያው ዓመት በኒውዮርክ ሌላ ጉዳይ ፈላ። ከተማዋን የተደራጁ ወንጀለኞች እንደ ነቀዝ ውስጥ ለውስጥ በልተዋት ነበር። ነቀዝ የገባበት ጎተራ ከውጭ ሲያዩት ሙሉ ይመስላል፤ እጅ ሲገባበት ግን ዱቄትና ገለባ ይወጣል። የኒውዮርክ ንግድም እንዲሁ ነበር። ቡድኖቹ ከነጋዴው፣ ከምግብ ቤቱ፣ ከጭነት መኪናው ባለቤት ጥበቃ በሚል ስም ገንዘብ ይሰበስቡ ነበር። አልከፍልም ያለ ሱቁ ይሰበራል፤ መኪናው ይቃጠላል፤ እርሱም ይደበደባል።

ጉዳዩ አርሶ አደሩንም የሚነካ ነበር። አርቲቾክ የተባለው አትክልት ከካሊፎርኒያ ማሳዎች በባቡር ወደ ኒውዮርክ ይመጣል። ሲሮ ቴራኖቫ የተባለ የወንጀል አለቃ የሚገባውን ትናንሽ አርቲቾክ ጠቅልሎ ይዞ በፈለገው ዋጋ ለቸርቻሪ ይሸጥ ነበር። ስሙም የአርቲቾክ ንጉሥ እስከመባል ደረሰ። ከንቲባ ላጓርዲያ በታኅሣሥ 1935 በማለዳ ወደ አትክልት ገበያው ሄደው፣ መለከት አስነፍተው፣ በከተማዋ አርቲቾክ እንዳይሸጥ ከለከሉ። ክልከላው የቆየው ለጥቂት ቀናት ቢሆንም የቡድኑን መያዣ አላላው፤ ዋጋውም ወረደ። በሕይወት ባለ ዶሮ ንግድ ውስጥም እንዲሁ ነጋዴው ለቡድን ሳይገብር መሥራት አይችልም ነበር። አምራቹ በርካሽ ይሸጣል፤ ሸማቹ በውድ ይገዛል፤ በመካከል ያለው ግን ሳይዘራ ያጭዳል። በደላላ መማረርን የሚያውቅ የእኛ አገር አርሶ አደርና የከተማ ነዋሪ ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ይህ ሁሉ ሲሆን የከተማዋ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ዳተኛ ነበር። በ1935 ከተራው ሕዝብ ተውጣጥቶ ክስ ይመሥረት አይመሥረት ብሎ የሚወስነው ሸንጎ በቢሮው ላይ እምነት አጥቶ ዐመፀ፤ ሌላ ዐቃቤ ሕግ ይሾምልን አለ። የግዛቱ ገዥ ኸርበርት ሌማን ቶማስ ዲዊ የተባሉ የ33 ዓመት ጠበቃን ልዩ ዐቃቤ ሕግ አድርገው አመጡ። ዲዊ ሃያ ረዳት ዐቃቤ ሕጎችን መረጡ። ከሃያዎቹ መካከል አንዲት ሴት፣ አንዲት ጥቁር ብቻ ነበረች። ሁለቱም አንድ ሰው ናቸው፤ ዩኒስ ካርተር።

የተቀጠሩት በነሐሴ 1935 ነው። ያ ወቅት ሐርለም ስለ ኢትዮጵያ የሚጨነቅበት ጊዜ ነበር። የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ድንበራችንን ሲጥስ የሐርለም ጥቁሮች ሰላማዊ ሰልፍ ወጡ፤ ገንዘብ አዋጡ፤ ለመዝመት የተመዘገቡም ነበሩ። በአገራችን የቀድሞ ስም የተጠራው የአቢሲኒያ ቤተ ክርስቲያን ዛሬም በዚያው ሠፈር ይገኛል። ዩኒስ ካርተር በየቀኑ ከዚህ ሠፈር እየወጡ በከተማዋ መሐል ወደሚገኘው ወደ ዲዊ ቢሮ ይሄዱ ነበር።

ማንም ያልፈለገው ጠረጴዛ

ዲዊ ሕዝቡ ያለ ፍርሃት መጥቶ ጥቆማ እንዲሰጥ በሬዲዮ ጥሪ አድርገው ነበር። ሌሎቹ ረዳቶች ስለ ባንክ፣ ስለ ጭነት ማመላለሻና ስለ ትላልቅ ንግዶች ይመረምራሉ። ለዩኒስ ካርተር የደረሳቸው ግን ብዙዎች የናቁት ሥራ ነበር። በመኖሪያ ሠፈራቸው የወሲብ ንግድ ቤት ተከፈተብን፤ ፖሊስ ግን አይሰማንም የሚሉ እናቶችና የቤት ባለቤቶች አቤቱታ ሲያቀርቡ ወደ እርሳቸው ይላኩ ነበር። ዲዊ በዚህ ጉዳይ ላይ መድከም አልፈለጉም። ትልልቁን አሣ ለማጥመድ የተሾመ ሰው ጎስቋላ ሴቶችን ሲያሳድድ መታየት ክብሩን ይቀንሰዋል ብለው ያስቡ ነበር።

ዩኒስ ካርተር ግን ወደ ልዩ ዐቃቤ ሕጉ ቢሮ ከመግባታቸው በፊት በሴቶች ችሎት ሠርተው ነበር። በዚያ ችሎት የታዘቡት ነገር በአእምሯቸው ቀርቶ ነበር። ከተለያየ ሠፈር፣ በተለያየ ቀን የተያዙ ሴቶች አንድ ዓይነት ጠበቃ ይቆምላቸዋል። ገንዘብ እየተከፈለው ዋስ የሚሆነው ሰውም ተመሳሳይ ነው። የሚሰጡት ቃል እንኳ አንድ ዓይነት ነበር፤ ከሌላ ከተማ ጓደኛዋን ልትጠይቅ የመጣች እንግዳ ነኝ የምትለው ብዙ ናት። ፖሊሱ ማስረጃው ይጠፋበታል፤ መዝገቡም ይዘጋል። ጠበቃ ያልቆመላት ሴት ግን ትታሰራለች።

አንድ መዝገብ ለብቻው ሲነበብ ምንም አይናገርም። ዩኒስ ካርተር በመቶ የሚቆጠሩትን ጎን ለጎን አስቀምጠው አነበቡ። ድሆቹ ሴቶች በየሳምንቱ ከገቢያቸው ለአንድ ማዕከል ይከፍላሉ። ማዕከሉ ጠበቃና ዋስ ያቆማል፤ ለፖሊስና ለችሎት ሰዎች ጉቦ ያደርሳል። ይህን ያህል ሠፈር በአንድ ገመድ ማሰር ትልቅ እጅ ሳይኖርበት አይቻልም ብለው ደመደሙ። መሪ ጉርፋይን ከተባሉት ባልደረባቸው ጋር ሆነው ዲዊን ደጋግመው ጠየቁ። ዲዊም በመጨረሻ ተቀበሏቸው፤ ምርመራውን ቀጥሉ አሏቸው።

ቅዳሜ የካቲት 1 ቀን 1936 ምሽት በማንሃተንና በብሩክሊን ያሉ በርካታ ቤቶች በአንድ ጊዜ ተፈተሹ። ወሬው እንዳይሾልክ የተመደቡት ፖሊሶች ወዴት እንደሚሄዱ እስከ መጨረሻው ሰዓት አልተነገራቸውም። አድራሻው በታሸገ ፖስታ ነበር የተሰጣቸው። በዚያ ሌሊት ከ100 በላይ ሰዎች ተይዘው ወደ ምርመራ መጡ። እንደ ወትሮው ጠበቃው መጥቶ እንዲያስፈታቸው ጠበቁ። በዚህ ጊዜ ግን የዋስትናው ገንዘብ ከፍ ተደርጎ ነበር፤ የሚመጣም ጠፋ። ቀናት ሲያልፉ አንዳንዶቹ መናገር ጀመሩ። ከሚጠሩት ስሞች መካከል አንዱ ተደጋገመ፤ የኒውዮርክ የወንጀል ቡድኖች ሁሉ ቁንጮ ይባል የነበረው ቻርልስ ለኪ ሉቺያኖ።

ችሎቱ

ሉቺያኖ ሸሽቶ በአርካንሶ ግዛት ፍል ውኃ ከተማ ተገኘ። በሚያዝያ 1936 ተይዞ ወደ ኒውዮርክ ተላከ። ችሎቱ በግንቦት ተከፈተ። ከ60 በላይ የዐቃቤ ሕግ ምስክሮች ቀረቡ፤ ብዙዎቹ በሕይወታቸው ማንም ሰምቷቸው የማያውቁ ሴቶች ነበሩ። ሰኔ 7 ቀን ፈራጆቹ ሉቺያኖን በቀረበበት ክስ ሁሉ ጥፋተኛ አሉት። ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ ዳኛው ከ30 እስከ 50 ዓመት እንዲታሰር ፈረዱበት። ፖሊስና ፖለቲከኛ በእጁ ነው ይባል የነበረ ሰው እስር ቤት ገባ።

ዩኒስ ካርተር በችሎቱ ላይ ምስክር በመጠየቅ ጎልተው አልታዩም። ጋዜጦቹ የዘገቡት በአመዛኙ ስለ ዲዊ ነው። ምርመራው ከየት እንደተነሣ የሚያውቁት ግን መዝገቡን ማን እንደጀመረው ያውቁ ነበር።

ይህ ድል እንከን የለሽ አልነበረም። ምስክሮቹ ሴቶች ለወራት በጥበቃ ሥር ተይዘው መቆየታቸው በዘመኑም በኋላም አነጋግሯል። ከፍርዱ በኋላ ቃላችንን አጥፈናል ያሉ ምስክሮች ነበሩ፤ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ግን ጥያቄውን አልተቀበለውም። ሉቺያኖ በወሲብ ንግዱ ውስጥ የነበረው ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ የሚከራከሩ ታሪክ ጸሐፊዎች ዛሬም አሉ። ፍርዱም እስከ መጨረሻ አልዘለቀም፤ በ1946 ራሳቸው ዲዊ ገዥ ሆነው ሳለ ቅጣቱን አሳጥረው ሉቺያኖን ወደ ኢጣሊያ አባረሩት። የዩኒስ ካርተር ሥራ ዋጋ ግን በአንድ ሰው እስር የሚለካ አይደለም። የድሃ ሠፈር አቤቱታ በቅንነት ቢነበብ እስከ ላይ የሚያደርስ መንገድ እንዳለው አሳይቷል።

ያልተገኘው ወንበር

ዲዊ በ1937 የማንሃተን ዋና ዐቃቤ ሕግ ሆነው ሲመረጡ ዩኒስ ካርተርን ይዘዋቸው ገቡ። ቀለል ያሉ የወንጀል ጉዳዮችን የሚያይ የሥራ ክፍል ኃላፊም አደረጓቸው። ክፍሉ በዓመት ከ14,000 በላይ ጉዳዮችን ያስተናግድ ነበር። በ1938 የተማሩበት ስሚዝ ኮሌጅ የክብር ዶክትሬት ሰጣቸው። በአገሪቱ ካሉት ጥቁር ሴት የሕግ ባለሙያዎች ሁሉ ስማቸው የገነነ ሆነ።

የሚቀራቸው የዳኝነት ወንበር ነበር። በ1939 ከንቲባ ላጓርዲያ ጄን ቦሊን የተባሉትን ሌላ የሕግ ባለሙያ ዳኛ አድርገው ሲሾሙ በአሜሪካ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ዳኛ እርሳቸው ሆኑ። ዩኒስ ካርተር ተስፋቸውን በዲዊ ላይ ጥለው ቆዩ። ዲዊ በ1942 የኒውዮርክ ገዥ ሆነው ተመረጡ፤ በ1944 እና በ1948 ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድረው ሁለቱንም ጊዜ ተሸነፉ። ዩኒስ ካርተር በጥቁሮች ዘንድ እየዞሩ ቀሰቀሱላቸው። የዳኝነቱ ሹመት ግን አልመጣም።

ምክንያቱን ብዙ ሰዎች ከወንድማቸው ጋር ያያይዙታል። አራት ዓመት የሚያንሷቸው አልፌየስ ሀንተን የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ መምህር ነበሩ። በኋላ ማስተማሩን ትተው የአፍሪካን ነጻነት ለሚደግፍ ምክር ቤት ሙሉ ጊዜያቸውን ሰጡ። ኮሚኒስትም ነበሩ። በ1951 ለታሳሪዎች ዋስትና ገንዘብ ያዋጡ ሰዎችን ስም አልሰጥም በማለታቸው ለስድስት ወር ታሰሩ። አሜሪካ ኮሚኒስት ናቸው የሚባሉትን በምታሳድድበት በዚያ ዘመን የወንድም ጥላ በእህት ላይ መውደቁ አልቀረም። እህትና ወንድም በፖለቲካ ተለያዩ፤ ልባቸውም ተራራቀ።

ዩኒስ ካርተር በ1945 ከዐቃቤ ሕግነት ወጥተው በግል ጠበቃነት ሠሩ። ሜሪ ማክሌዎድ ቤቱን በ1935 ካቋቋሙት የጥቁር ሴቶች ብሔራዊ ምክር ቤት መሥራች አባላት አንዷ ነበሩ። በዚህ ምክር ቤት በኩልም አገራችን ኢትዮጵያ ከመሥራቾቹ አንዷ በሆነችበት በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጉዳዮች ተሳተፉ። በ1955 በጄኔቫ የተካሄደ ዓለም አቀፍ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ጉባኤን በሊቀ መንበርነት መርተዋል። ለሴቶች መብት በዓለም አደባባይ ሲናገሩ የመጨረሻ የሥራ ዘመናቸውን አሳለፉ።

አልፌየስ ሀንተን በ1960 ወደ አፍሪካ ተሻገሩ። በጊኒ አስተማሩ፤ በጋና ስመ ጥሩው ምሁር ዱ ቦይስ የጀመሩትን የአፍሪካ ኢንሳይክሎፒዲያ ለማዘጋጀት ሠሩ። በጋና መፈንቅለ መንግሥት ከተደረገ በኋላ ወደ ዛምቢያ አቀኑ። በሉሳካ ከተማ ጥር 13 ቀን 1970 በካንሰር አረፉ። ዩኒስ ካርተር በ70 ዓመታቸው በኒውዮርክ ያረፉት በዚያው ወር 25ኛው ቀን ነው። በአሥራ ሁለት ቀናት ልዩነት ሁለቱም አለፉ።

የቀረው

የዩኒስ ካርተር ልጅ ላይል ካርተር የሕግ ባለሙያ ሆነው በአሜሪካ መንግሥት ከፍተኛ ኃላፊነት ላይ ሠሩ። የልጅ ልጃቸው ስቲቨን ካርተር የሕግ ፕሮፌሰርና ደራሲ ናቸው። ስለ አያታቸው የጻፉት መጽሐፍ በ2018 ታትሞ ተረስተው የነበሩትን ሴት እንደገና አስታወሰ።

ዩኒስ ካርተር በሕይወታቸው ሁለት ወንበር ፈልገው ሁለቱንም አላገኙም። የምክር ቤቱን ወንበር ሕዝብ ነፈጋቸው፤ የዳኝነቱን ወንበር ሿሚዎች ነፈጓቸው። የሠሩት ሥራ ግን ከሁለቱም ወንበሮች የወረደ አይደለም። በ1934 በ19ኛው የምርጫ ክልል ያሸነፈው ዕጩ ያገኘው የአንድ ዓመት የሥራ ዘመን ነበር። የተሸነፉት ዕጩ ባገኙት ጠረጴዛ ላይ የድሃ ሴቶችን አቤቱታ አንብበው የአንዲትን ታላቅ ከተማ የወንጀል ሰንሰለት በጠሱ።

በእኛም አገር በየምርጫው ብዙ ዕጩዎች ይወድቃሉ። ከእነርሱ መካከል መምህር፣ የሕግ ባለሙያ፣ የግብርና ባለሙያ አለ። ቅስቀሳ ሲያደርጉ የሕዝቡን ችግር ከቤት ቤት እየዞሩ ሰምተዋል፤ የውኃውን፣ የመንገዱን፣ የማዳበሪያውን፣ የካርታውን ጉዳይ ያውቁታል። ውጤቱ ሲነገር ያ የሰሙት ሁሉ አብሯቸው ቤት ከገባ ሕዝቡ የከሰረው ሁለት ጊዜ ነው። ዩኒስ ካርተር የሰሙትን ይዘው ወደ ሥራ ሄዱ። ድምፅ ለነፈጋቸው ሠፈርም የከፈሉት ውለታ ይኸው ነው።